የአሜሪካ አብዮት በልጆች መጻሕፍት፦ የትኛው ለየትኛው ልጅ?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ የዚህችን አገር የጥንት ታሪክ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከዜግነት ፈተናው ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ነበር? የነጻነት አዋጁ መቼ ጸደቀ? ከ13ቱ ቀዳሚ ክፍለ ግዛቶች ጥቂቶቹን ጥቀስ። መልሱን ሸመደድን፣ ፈተናውን አለፍን፣ ቀኝ እጃችንን አንሥተን ቃለ መሐላ ፈጸምን። ከዚያ ልጃችን አምስተኛ ክፍል ገደማ ይደርስና "ቦስተን ላይ ሻዩን ባሕር ውስጥ የጣሉት ለምንድን ነው?" ብሎ ይመጣል። ለዚህ የሽምደዳው መልስ አይበቃም።

ስለዚያ ዘመን፣ ማለትም 13ቱ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ ለመላቀቅ ስለተዋጉበት አብዮት፣ ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል። ከመብዛቱ የተነሣ ግን መምረጥ ይከብዳል። ላይብረሪ ሄዳችሁ መደርደሪያው ፊት ስትቆሙ፣ ሽፋኑ ሁሉ ባንዲራና ጠመንጃ ነው። የዕድሜ ምልክቱ ትንሽ ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን አይነግራችሁም።

እኔ ከሁሉም በፊት የማየው አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ለነጻነት ተዋጉ ሲባል፣ ነጻነቱ ለማን እንደደረሰና ለማን እንዳልደረሰ መጽሐፉ ያሳያል ወይ? ልጆቻችን እዚህ አገር የሚያድጉት ጥቁር ሆነው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ "እኔን የሚመስል ሰው የት ነበር?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ከጥሩ መጽሐፍ ቢያገኙት ይሻላል። በዕድሜም፣ በአንባቢነት ችሎታም፣ በልጁ ጠባይም መምረጥ አስፈላጊ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ከሁሉም ይቀድማል።

(ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱ ትልልቅ ልቦለዶች

ስለ አብዮቱ ለታዳጊዎች የተጻፈ ልቦለድ ሲነሣ ሦስት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ፦ «ጆኒ ትሬሜን»፣ «ማይ ብራዘር ሳም ኢዝ ዴድ» እና «ቼይንስ»። ሦስቱም ጦርነቱን በአንድ ታዳጊ ዓይን ነው የሚያሳዩት። ግን የተጻፉት በተለያየ ዘመን ነው። የመጀመሪያው በ1943 ወጣ፤ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሁለተኛው በ1974 ወጣ፤ አገሩ በቬትናም ጦርነት ተሰላችቶና ተከፋፍሎ ነበር። ሦስተኛው የ2008 ነው። የታተመበትን ዓመት ካወቃችሁ ስለ መጽሐፉ መንፈስ ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም የታሪክ ልቦለድ ስታነሡ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጣችሁ ዓመቱን እዩ።

«ጆኒ ትሬሜን»ን የጻፉት ኤስተር ፎርብስ ናቸው። ስለ ቦስተኑ ብር አንጥረኛና አብዮተኛ ስለ ፖል ሪቪር በጻፉት የታሪክ ሥራ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙ ሰው ስለሆኑ የዘመኑን ቦስተን አብጠርጥረው ያውቋታል። ልቦለዱም በ1944 ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያን አግኝቷል። ጆኒ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ብር አንጥረኛ ቤት ሙያ ይማራል። እጀ ወርቅ ነው፤ ትዕቢቱም የዚያኑ ያህል ነው። አንድ ቀን ለሀብታሙ ጆን ሃንኮክ የታዘዘ ዕቃ ለማድረስ ሲጣደፍ፣ የሚቀናበት ልጅ የተሰነጠቀ ማቅለጫ ያቀብለዋል። የቀለጠው ብር ይፈስሳል። ጆኒ ተንሸራቶ መዳፉ እላዩ ላይ ያርፋል። ቁስሉ ሲድን አውራ ጣቱ ከመዳፉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሙያው በዚያው ያበቃል።

ከዚያ በኋላ ጆኒ ጋዜጣ አዳይ ይሆናል። በዚያ በኩል አድርጎ ከአብዮተኞቹ ጋር ይተዋወቃል፤ በ1773 ሻዩን ባሕር ውስጥ ሲጥሉት አብሮ ነው። ታሪኩ ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ውጊያው እስከተጀመረበት እስከ ኤፕሪል 1775 ይደርሳል። የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ ከተማው ነው። ወደቡ፣ ሱቁ፣ የጌታና የተለማማጅ ግንኙነት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ ዛሬ ፈጣን ነገር የለመደ ልጅ ገና 50ኛው ገጽ ሳይደርስ ሊተወው ይችላል። ሁለተኛ፣ የአብዮቱ ዓላማ ትክክል መሆኑን ለአፍታም አይጠራጠርም፤ ጥቁሮችም የሚታዩት በዳር በዳር ነው። ታጋሽ አንባቢ ለሆነ የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ስጡት። ብቻውን ግን አትስጡት።

«ማይ ብራዘር ሳም ኢዝ ዴድ» ማለትም "ወንድሜ ሳም ሞቷል"፣ የወንድማማቾቹ የጄምስ ሊንከን ኮሊየርና የክሪስቶፈር ኮሊየር ሥራ ነው። አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው የታሪክ ምሁር ናቸው። ቦታው ሬዲንግ የምትባል የኮነቲከት ትንሽ ከተማ ነው። የቲም አባት መጠጥ ቤት አላቸው፤ ለንጉሡ ያደላሉ፤ ከምንም በላይ ግን ጦርነት አይፈልጉም። ታላቅ ወንድሙ ሳም ትምህርቱን ከዬል ጥሎ ከአማፂያኑ ጋር ይሰለፋል። አባትና ልጅ እራት ላይ ይፋጠጣሉ። ቲም መሐል ላይ ነው። ሁለቱንም ይወዳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ልንገራችሁ፤ ልጁ ከማንበቡ በፊት ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። ለንጉሡ ያደሉት አባት የሚሞቱት በራሱ በእንግሊዝ የእስር መርከብ ላይ ነው። ለአብዮቱ የተዋጋው ሳም ደግሞ ባልሠራው ወንጀል፣ ከብት ሰርቀሃል ተብሎ፣ በራሱ ጦር ይረሸናል። ጄኔራሉ ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን ነው የፈለጉት። ቲም ሽማግሌ ሆኖ ታሪኩን ሲዘጋ፣ ይህንኑ ውጤት ያለ ጦርነት ማግኘት አይቻልም ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ቅሬታ ቀርቦበታል። ስድብ አለው፣ ደም አለው፣ መጨረሻው ይከብዳል። እኔ ግን ከሦስቱ ለእኛ ቤት የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። አንድ ቤተሰብ በፖለቲካ ለሁለት ሲከፈል፣ ወንድም የወጣበት ሳይታወቅ ሲቀር፣ እናት በር በሩን ስታይ ምን እንደሚመስል ከኢትዮጵያ የመጣ ወላጅ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ ከአያቱ ወይም ከአባቱ ጋር የሚያወራው ነገር ይኖረዋል። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አልመክርም። ለሚያስፈራው ልጅ ደግሞ 13 ይሁን።

«ቼይንስ» ወይም "ሰንሰለት" የሎሪ ሃልስ አንደርሰን ነው። ኢዛቤል 13 ዓመቷ ነው፤ በባርነት የተያዘች ናት። የሚጥል በሽታ ያለባት ታናሽ እህት አለቻት፤ ሩት። እመቤታቸው ሲሞቱ ነጻ እንዲወጡ ተናዘውላቸው ነበር። ወራሹ አይሆንም ይላል፤ ሁለቱንም ይሸጣቸዋል። በ1776 ኒው ዮርክ፣ ለንጉሡ ታማኝ የሆኑ ባልና ሚስት ቤት ይገባሉ። ከርዘን የሚባል፣ እሱም በባርነት ያለ ልጅ፣ አብዮተኞቹ ይረዱሻልና ስለ ጌታሽ ሰልዪ ይላታል። ትሰልላለች። ወሬውንም ታደርሳለች። ነጻነቷን ግን ማንም አይሰጣትም።

መጽሐፉን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ነው። ከሁለቱ ወገን ጥሩውን እንድትመርጥ አይጠይቃትም፤ ሁለቱም ለራሳቸው ጉዳይ ይጠቀሙባታል። ይህ ደግሞ የደራሲዋ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 1775 የቨርጂኒያው እንግሊዛዊ ገዥ ሎርድ ደንሞር ወደ እንግሊዝ ጦር ለሚመጡ ባሮች ነጻነት እሰጣለሁ ብሎ አውጆ ነበር። አዋጁ የሠራው ግን ጌቶቻቸው አማፂ ለሆኑና መሣሪያ መሸከም ለሚችሉ ብቻ ነው። ጌታዋ ለንጉሡ ታማኝ የሆነ ሰው ቤት ላለች ልጅ ያ በር ዝግ ነው።

እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚከፈተው ከዘመኑ ደብዳቤ፣ ጋዜጣ ወይም ማስታወቂያ በተወሰደ ጥቅስ ነው። ልጁ ልቦለዱንና ሰነዱን ጎን ለጎን ያያል። ከባድ ቦታዎችም አሉት። ኢዛቤል ጉንጯ ላይ በጋለ ብረት ትተኮሳለች። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ከ11 ዓመት ጀምሮ፣ በተለይ ከወላጅ ጋር ለሚያነብ ልጅ፣ ከሦስቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። በትምህርት ቤት የሚሰማውን የጀግንነት ታሪክ ሳይሰርዝ፣ የተዘለለውን ሰው መልሶ ያስገባበታል።

አጭር ለሚፈልግ

ልጁ ረጅም መጽሐፍ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ አቪ የተባለውን ደራሲ «ዘ ፋይቲንግ ግራውንድ» ፈልጉ። ቀጭን መጽሐፍ ነው። ታሪኩ በኤፕሪል 1778 በአንድ ሌሊትና ቀን ውስጥ ያልቃል። ምዕራፍ የለውም፤ በየክፍሉ አናት ላይ ሰዓትና ደቂቃ ነው የተጻፈው። የ13 ዓመቱ ጆናታን ጦርነት ይናፍቃል። ደወል ይሰማል፣ ከቤት ይወጣል፣ ጠመንጃ ይይዛል። ከዚያ የእንግሊዝ ቅጥረኛ የነበሩ ሄሲያን ወታደሮች ይማርኩታል።

አንድ ነገሩ በጣም ደስ ይለኛል። ሄሲያኖቹ የሚያወሩት በጀርመንኛ ነው፤ ንግግራቸው ሳይተረጎም እንዳለ ተቀምጧል። ትርጉሙ ያለው ከመጽሐፉ መጨረሻ ነው። ጆናታን ምን እያሉ እንደሆነ አያውቅም፤ አንባቢውም አያውቅም። ይገድሉኛል ወይስ ያበሉኛል የሚለውን ከፊታቸው ብቻ ነው የሚያነበው። አዲስ አገር ገብቶ ቋንቋው ሳይገባው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ይህን ስሜት ያውቀዋል። እንግሊዝኛቸው ገና ለሆነ ወላጆችም ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ አብሮ ለማንበብ ይመቻል። የወደቁ ሰዎችና ወላጆቹ የሞቱበት ሕፃን ስላለበት ግን ከ10 ዓመት በላይ ይሁን።

ለትናንሾቹና ማንበብ ለማይወዱት

ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ የ«ማጂክ ትሪ ሃውስ» ተከታታይ አለ። በዚያ ውስጥ ያለው የአብዮቱ መጽሐፍ የአብዮተኞቹ ጦር አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1776 የገና ሌሊት የዴላዌርን ወንዝ ሲሻገር ያሳያል። ቀላል ነው፣ አያስፈራም። ባርነትን ከእሱ አትጠብቁ። ከ8 እስከ 11 ላሉት የሎረን ታርሺስ «አይ ሰርቫይቭድ» ተከታታይ ፈጣን ነው፤ ልጆች በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሱታል። ለመጀመሪያ ጥሩ ነው።

ኮሚክ ብቻ ለሚያነብ ልጅ ግን የማያሻማ ምርጫ አለኝ፦ «ዋን ዴድ ስፓይ»። ጸሐፊውና ሠዓሊው ናታን ሄል ይባላሉ፤ በሴፕቴምበር 1776 በ21 ዓመቱ እንግሊዞች የሰቀሉት ሰላይም ናታን ሄል ነበር። በመጽሐፉ ሰላዩ ገመዱ አጠገብ ቆሞ ለሰቃዩና ለእንግሊዙ መኮንን ታሪክ እያወራ ጊዜ ይገዛል። ያስቃል፤ ግን ቀልዱ ሥር ያለው ታሪክ ተጣርቶ የተሠራ ነው። የአብዮተኞቹ መኮንን ሄንሪ ኖክስ በክረምት በረዶ 60 ገደማ መድፎችን ከታይኮንደሮጋ ምሽግ እስከ ቦስተን ድረስ ያስጎተተበት ክፍል ብቻውን መጽሐፉን ያስነብባል። "ኮሚክ መጽሐፍ አይደለም" የምትሉ ወላጆች እባካችሁ ይህን አንድ ጊዜ ገልጣችሁ እዩት።

እውነተኛ ታሪክ፦ ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ቦታ ፈትሹ

ልቦለድ የማይወድ፣ "ይሄ በእውነት ሆኗል ወይ?" የሚል ልጅ አለ። ለእሱ ልቦለድ ያልሆነ ታሪክ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ግን የመጻሕፍቱ ጥራት በጣም ይለያያል። ማንኛውንም የዋሽንግተን ወይም የአብዮት መጽሐፍ ስታነሡ ሦስት ቦታ እዩ።

መጀመሪያ የቼሪ ዛፉን። ትንሹ ዋሽንግተን ዛፍ ቆርጦ "መዋሸት አልችልም" አለ የሚለውን እንደ እውነት የሚያወራ ከሆነ መልሱት። ያንን የጻፈው ዋሽንግተን ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ያሳተመ ሰው ነው፤ የታሪክ ሰዎች ፈጠራ ነው ይሉታል።

ቀጥሎ የፖል ሪቪርን ግልቢያ። በኤፕሪል 1775 ሌሊት የእንግሊዝ ጦር መምጣቱን ለማስጠንቀቅ የጋለበው ሪቪር ብቻውን አልነበረም። ሌክሲንግተን ደርሷል፤ ወደ ኮንኮርድ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ የእንግሊዝ ቃፊሮች ያዙት። ኮንኮርድ የደረሰው ሳሙኤል ፕሬስኮት የሚባል ሐኪም ነው። ይህን በትክክል የሚጽፍ መጽሐፍ ሌላውንም የመጠንቀቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ በኩል ጂን ፍሪትስ የታወቁ ናቸው፤ ለልጆች ሲጽፉ ሰነድ ላይ የሌለ ንግግር በሰው አፍ አያስገቡም ነበር። ስለ ሪቪር የጻፉት አጭር መጽሐፍ ለ8 ዓመት ልጅ ይሆናል፣ አስቂኝም ነው።

ሦስተኛው የዋሽንግተን ጥርስ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከእንጨት ነበር የሚል መጽሐፍ ወሬ ነው የሚያወራው። ከዝሆን ጥርስ፣ ከብረትና ከሰው ጥርስ ነበር የተሠራው። በ1784 የዋሽንግተን ርስት በሆነው በማውንት ቨርነን የሒሳብ መዝገብ ላይ ደግሞ ለዘጠኝ ጥርሶች "ለኔግሮዎች" የተከፈለ ገንዘብ ተመዝግቧል። ይህን የሚነካ የልጆች መጽሐፍ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ለትልልቆቹ፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ፣ ሁለት መጻሕፍትን ላወዳድር። የስቲቭ ሼንኪን የቤኔዲክት አርኖልድ ታሪክ እንደ ወንጀል ፊልም ነው የሚነበበው። ሳራቶጋ ውጊያ ላይ እግሩ የቆሰለው የአብዮተኞቹ ጀግና በ1780 የዌስት ፖይንትን ምሽግ ለእንግሊዝ ሊሸጥ ሲያሤር ታያላችሁ። ውጊያና ሴራ የሚወድ ልጅ ይህን ይወስዳል።

«ኔቨር ኮት» የተባለው የኤሪካ አርምስትሮንግ ደንባር መጽሐፍ ለታዳጊዎች የተዘጋጀ እትም አለው፤ በ2019 ወጥቷል። ኦና ጀጅ የፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሚስት የማርታ ዋሽንግተን አገልጋይ ናት፣ በባርነት የተያዘች። ፕሬዚዳንቱ ያን ጊዜ የሚኖሩት ፊላደልፊያ ነው። የፔንሲልቬኒያ ሕግ ደግሞ ስድስት ወር የተቀመጠ ባሪያ ነጻ መውጣት ይችላል ይላል። ዋሽንግተኖች ምን አደረጉ? ስድስት ወር ሳይሞላ ሰዎቹን ከክፍለ ግዛቱ እያወጡ መልሰው ያስገቡ ነበር፤ ቆጠራው እንደገና እንዲጀምር። በሜይ 1796 ባለቤቶቿ እራት ላይ እያሉ ኦና ከቤቱ ወጣች። በመርከብ ኒው ሃምፕሻየር ገባች። ዋሽንግተን ሊያስመልሳት ሞከረ፤ አልተሳካለትም።

ከሁለቱ የኦናን አስቀድማለሁ። የአርኖልድን ክህደት ልጁ ትምህርት ቤት መስማቱ አይቀርም። የስድስት ወሩን ዘዴ ግን ማንም ላይነግረው ይችላል። ደግሞም ያመለጠችው ሰው ራሷ እንጂ ነጻ ያወጣት ጌታ የለም። አሥራዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ልጅ ካለቻችሁ ይህን ከሁሉም በፊት ስጧት።

ከእነሱ በፊት የነበሩት

ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩትን የቀደምት ሕዝቦቹን (ኔቲቭ አሜሪካን) ጉዳይ በአጭሩ ላንሣው፤ ራሱን የቻለ ሰፊ ጽሑፍ ይፈልጋል። «ዘ ሳይን ኦቭ ዘ ቢቨር» ብዙ ክፍል ውስጥ ይነበባል። የጫካ ኑሮውና የነጩና የቀደምት ሕዝቡ ልጅ ጓደኝነት ልብ ይይዛል፤ የቀደምት ሕዝብ ሰዎቹን ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የሚያናግራቸው። በአነጋገሩ ዘዬ የተሳቀበት የስደተኛ ልጅ ይህን ቶሎ ያያል። ከተመደበለት ያንብበው፤ ከዚያ የሉዊዝ ኤርድሪክን «ዘ በርችባርክ ሃውስ» አስከትሉለት። ደራሲዋ ራሳቸው የኦጂብዌ ተወላጅ ናቸው። ታሪኩ በ1847 የሚጀምር ስለሆነ ከአብዮቱ ዘግየት ይላል፤ ግን ቤቱን ከውስጥ ነው የሚያሳየው። ስለ ምስጋና ቀን የሚጠይቅ ልጅ ካላችሁ ደግሞ «1621» የሚለው የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሐፍ በፎቶ የተሞላና አጭር ነው።

እንዴት ታነቡታላችሁ

ከላይ የጠራኋቸውን ለመግዛት አትቸኩሉ። ብዙዎቹ በየሰፈሩ ላይብረሪ አሉ፤ እዚያው ከሌለ ከሌላ ቅርንጫፍ አስመጡልኝ ማለት ይቻላል። በላይብረሪ ካርዱ ሊቢ የሚባለውን አፕ ከፍታችሁ ኦዲዮ ቡክ በነጻ መዋስም ትችላላችሁ። ትራፊክ ላይ አብሮ ማዳመጥ ለብዙ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ከማንበብ ይቀላል። «ጆኒ ትሬሜን»ን የመሰለ ዝግ ያለ መጽሐፍ ደግሞ ሲደመጥ ይሻላል።

ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትሰጡ ጥሩ ነው። «ጆኒ ትሬሜን»ን ከ«ቼይንስ» ጋር። «ዋን ዴድ ስፓይ»ን ከ«ዘ ፋይቲንግ ግራውንድ» ጋር፤ በኮሚኩ የሳቀበትን ጦርነት በሁለተኛው መሬት ላይ ያየዋል። «ማይ ብራዘር ሳም» ግን ብቻውን ይሁን፤ ከሱ በኋላ ሌላ መጽሐፍ አታስከትሉ፣ ጥቂት ቀን ይቆይ።

«ቼይንስ» የሦስት መጻሕፍት መጀመሪያ መሆኑንም እወቁ። መጨረሻው ልጁን አንጠልጥሎ ነው የሚተወው፤ ስለዚህ ሁለተኛውን «ፎርጅ» አስቀድማችሁ ተዋሱ። እሱ ከርዘንን ይከተላል፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ወታደሮች በበሽታ ያለቁበትን የዋሽንግተን ጦር ቫሊ ፎርጅ የሰፈረበትን የ1777–78 ክረምት ያሳያል። ሦስተኛው «አሽስ» እስከ ዮርክታውን ውጊያ፣ 1781 ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት የሩት ነገር ጣዕሙን ያጣል።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ለምትኖሩ ደግሞ ማውንት ቨርነን ከአሌክሳንድሪያ ቅርብ ነው። ኦና ጀጅ የተወለደችው እዚያ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መጽሐፉን አስጨርሱት። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ዋናው ቤት ሰልፍ ስላለው በጠዋት ሂዱ። ከቤቱ ብቻ አትመለሱ፦ ባሮቹ ያድሩበት የነበረውን ክፍልና በመቃብሩ በኩል የቆመላቸውን መታሰቢያ ጠይቃችሁ እዩ።